የወይዘሮ ዙሀራን ዝግባ ስለ ለካሁበት ሜትር

ኮልፌ፣ የካቲት 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሰብስቤ ይገዙ
የጣውላ ሥራ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከነመላው ቤተሰብዎና ከነሠራተኞችዎ በጤና እንደ ሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በኮልፌ፣ ከቀይ ቀለሙ በቀር፣ ደኅና ነን።

አስቀድመው እንዲረዱልኝ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ግንዱ ላይ ቀይ ምልክት የተቀባበት ዝግባ የወይዘሮ ዙሀራ እንጂ የእኔ አይደለም፤ ለጽሕፈት ቤትዎ አሳልፌ የሰጠሁት ግን እኔ እንጂ እርሳቸው አይደሉም። ይህንኑ በሁለት ደብዳቤ አመልክቼ መዝገብ ቤትዎ ሁለቱንም በማኅተም ስለ ተቀበለልኝ አመሰግናለሁ። ከማኅተሙ ሌላ መልስ ስላላገኘሁ ይህን ሦስተኛውን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጻፍኩት።

የኮልፌ የበጎ ሥራ ማኅበራችን በየወሩ በሁለተኛው እሑድ በወይዘሮ ዙሀራ ግቢ፣ በዝግባው ሥር ይሰበሰባል። በዚያው ጥላ በሳምንት ሦስት ቀን ጎልማሶችን ፊደል አስተምራለሁ፤ ሌላ ክፍል የለንም። ጥር 14 ቀን ክቡርነትዎ ጥሪያችንን አክብረው ስለ ጣውላ ኢንዱስትሪ ንግግር አደረጉልን። ቅሬታዬን ከዚያ ጀምሬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ንግግሩ ርዝመት ቅር አላለኝም። በእኔ ሰዓት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነበር፤ ይህን ያህል አገር ይህን ያህል ደን ይዞ ጣውላ ከውጭ ማስገባቱ እንደሚያሳፍር በሚገባ ተረድተናል። ጥላው ሲዞር ወንበርዎን ሁለት ጊዜ ወደ ግንዱ ማስጠጋትዎን ግን በቃለ ጉባኤው ውስጥ አላሰፈርኩም። ይህ የጸሐፊነት ጉድለቴ ስለሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪ኛ. በመጨረሻው ላይ «የጣውላን ሥራ የሚደግፍ እጁን ያንሣ» አሉ። በእኛ ሠፈር እንግዳ ያን ያህል ሲደክም ቆይቶ እጅ አለማንሣት ነውር ነው። አናጢው ጀይሉ ሁለቱንም አነሣ። አቶ ወልደሰንበት እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ጎረቤታቸው ሲጎሽማቸው አነሡ። ወይዘሮ ዙሀራም በአንድ እጃቸው ለእንግዳው የውሃ ማንቆርቆሪያ እንደ ያዙ ሌላውን አነሡ። ሠላሳ አንድ ሰው ቆጠርኩ። ክቡርነትዎ ይህን እንደ ፈቃድ ቢቆጥሩት አይፈረድብዎትም፤ እኔ ግን እዚሁ ሠፈር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ ይሉኝታን ከፈቃድ መለየት አቃተኝ።

፫ኛ. «ኢንዱስትሪ የሚጀምረው ያለንን ከማወቅ ነው» ማለትዎን ከማንም ይልቅ በልቤ ያኖርኩት እኔ ነኝ። የሚለካ ነገር እያለ አርፎ መቀመጥ አልተፈጠረልኝም። ከልብስ ሰፊው ከሰይፈዲን ሜትር ተውሼ የሠፈሩን ዛፍ በአምስት ቀን ለካሁት። አርባው ለማገር እንኳ የማይበቃ ባሕር ዛፍ ነበር። አርባ አንደኛው ዝግባው ነው፤ የግንዱ ዙሪያ ሦስት ሜትር ከአሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር፤ ሦስት ጊዜ ለክቼ አረጋግጫለሁ። ወይዘሮ ዙሀራ «መምህር፣ ቀሚስ ሊያሰፉለት ነው እንዴ?» ቢሉኝ ስለ ትክክለኛ መረጃ ጥቅም ሰፊ ማብራሪያ ሰጠኋቸው። ግንዱን ሦስት ጊዜ ስለካ ባለቤቲቱን አንድ ጊዜ አልጠየቅሁም። ለዝርዝሩ «እጃቸውን በማንሣት ፈቃዳቸውን የገለጹ አባላትና ዛፎቻቸው» የሚል ርእስ ሰጠሁት፤ ርእሱን በቀይ አሰመርኩ፤ በዝግባው አንጻር «ለጣውላ እጅግ ተስማሚ» ብዬ ጻፍኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝም በሁለት ቅጂ ላክሁልዎ። ከደብዳቤዎቼ ሁሉ ጽሕፈት ቤትዎ በሥራ ላይ ያዋለልኝ እሱን ብቻ ስለሆነ ልዩ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

፬ኛ. የካቲት 7 ቀን ሁለት ሠራተኞችዎ ዝርዝሬንና ቀለማቸውን ይዘው መጡ። ወይዘሮ ዙሀራ «ማን ፈቀደላችሁ?» ቢሏቸው «እርስዎ ራስዎ ነዎታ፤ ይኸው ተጽፏል» ብለው ወረቀቱን ሰጧቸው። እኚህ ሴት አምና በአውራ ጣት ነበር የሚፈርሙት። ዘንድሮ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ያለ እኔ እርዳታ ያነበቡት የመጀመሪያ ወረቀት እሱ ነው፤ አስተማሪ በዚህ ደስ ሊለው ይገባል። ከሰዓት በኋላ ለትምህርት ስደርስ «መምህር፣ ስሜን አነበብኩት። ዝግባንም አነበብኩት። ‹ተስማሚ› የሚለው ላይ ነው የቆምኩት፤ ምን ማለት ነው?» አሉኝ። በሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ትምህርቱን ሳልጀምር ወደ ቤቴ ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ዝግባው ማክሰኞ የካቲት 28 ቀን እንደሚቆረጥ ተነግሯቸዋል። ያ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ጎልማሶች መማሪያ ያጣሉ፤ ወይዘሮ ዙሀራ ደግሞ ማንበብ የተማሩት የዛፋቸውን የሞት ፍርድ ለማንበብ ሆኖ ይቀራል። ፍርዱም የተጻፈው በአስተማሪያቸው እጅ ነው። ስለዚህ አርባ አንደኛውን ተራ ቁጥር እንዲሰርዙልኝ እለምናለሁ። የልጆችን ስሕተት በቀይ ቀለም ሳርም ኖሬያለሁ፤ የራሴን ለማረም ግን የክቡርነትዎ ፊርማ አስፈለገኝ።

በልኬቱ እንጂ በማስተዋሉ የማይመካው የክቡርነትዎ ታዛዥ፣

አምሐ ሀብተሥላሴ
ጡረተኛ መምህር
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ስብሰባ

ማሳሰቢያ፦ መልስዎን ለእኔ ሳይሆን ለወይዘሮ ዙሀራ ይጻፉ፤ ራሳቸው ያነቡታል። «አይቆረጥም» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች። ሐሳብዎ ሌላ ከሆነ ግን እዚያው ግቢ መጥተው ራስዎ ያንብቡላቸው፤ ወንበሩን እንደ ባለፈው እናቀርባለን፣ ጥላውን ግን ከየት እንደምናመጣልዎ አላውቅም። እስከ ማክሰኞ የቀረው ስምንት ቀን ነውና እባክዎ ፈጥነው ይመልሱልን።