የላስ ጋርሳስ ተራ በአየር ቦርዱ ላይ

ለሸለቆው የአየር ጥራት ቦርድ ሰብሳቢ ጽሕፈት ቤት
ቀን፦ ኦገስት 26 ቀን 2019

ጉዳዩ፦ በሌለንበት የተወሰደብን የቦርድ ወንበር እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

እኔ ኤውላሊያ ባራጋን በላስ ጋርሳስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛና የከተማው ምክር ቤት አባል ነኝ። ይህን እንድጽፍ የወከሉኝ የምክር ቤት ባልደረቦቼ ናቸው፤ «አንቺ ስትናደጂ ጽሑፍሽ ያምራል» ብለው። እውነታቸውን ነው፣ ተናድጃለሁ።

1. ለትናንሽ ከተሞች የተተወው አንድ ወንበር በየሁለት ዓመቱ በተራ ይዞራል። ስምንት ዓመት ጠብቀን ዘንድሮ ደረሰን።

2. የምርጫው ስብሰባ የተጠራው ኦገስት 14፣ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ዛፉ በማሽን እየተናጠ አልሞንድ በሚራገፍበት ሳምንት! ከንቲባችን አቶ ሴሌስቲኖ ኡርቢና የሚያገለግሉን ያለ ደመወዝ ነው። የሚተዳደሩት የረገፈውን አልሞንድ የሚጠርግ ማሽን በመንዳት ነው። ስለዚህ የፈረሙበትን ደብዳቤ ላኩ። «በአካል ያልቀረበ ተራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል» ተባለና ወንበሩ ደመወዝተኛ ከንቲባ ላላት ጎረቤት ከተማ ተሰጠ። የእኛ ከንቲባ የት እንደነበሩ ለማወቅ ከፈለጉ፣ እርስዎ እንዳይገባብዎ መስኮት በዘጉበት አቧራ ውስጥ ነበሩ።

3. ወንበሩን ለክብር አልፈለግነውም። ሴፕቴምበር 18 ቦርዱ አዲሱ የአየር መለኪያ የት እንደሚተከል በድምፅ ይወስናል። ያሁኑ መለኪያ ከእኛ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አቧራ የማይደርስበት ኮረብታ ላይ ነው። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የምሰቅለው የአየር ጥራት ማሳወቂያ ባንዲራ ቀለሙ የሚታዘዘው ከዚያ ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ልጆች ሜዳ ወጥተው ይጫወታሉ። ባለፈው ማክሰኞ አረንጓዴ ሰቀልኩ። በእረፍት ሰዓት የልጅ ልጄ ማሪቤል ትንፋሽ አጥሯት በአምቡላንስ ተወሰደች። ባንዲራውን የሰቀልኩት እኔው ነኝ! ለሐኪሙ ይህን መናገር አፍሬ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የልጅ ሳንባ ግን ይነቅዛል።

4. ስለዚህ ተራችን እንዲመለስ፣ ይህ ቢዘገይ እንኳ ወኪላችን ሳይቀመጥ ስለ መለኪያው ድምፅ እንዳይሰጥ እጠይቃለሁ። «ደንቡ አይፈቅድም» እንደምትሉን አላጣሁትም። ደንቡን የጻፈው ሰው ነው፣ ሰው ያርመው።

ሴፕቴምበር 18 ከንቲባችን ማሽናቸውን አቁመው ይመጣሉ። የሸለቆው የማሽን ነጂዎችም አብረው ሊያቆሙ ተማምለዋል። ባለእርሻዎቹ አልሞንዱ ለምን መሬት ላይ እንደቀረ ሲጠይቁን፣ የእርስዎን ስልክ ቁጥር እንሰጣቸዋለን።

ሳልለማመጥ፣ ከሰላምታ ጋር
ኤውላሊያ ባራጋን (ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለአልሞንድ አምራቾች ማኅበር