ያለ እኔ የተቃናው አገጬ

ናዝሬት፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ኢተፋ ሆራ፣
የቀበሌያችን የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በሙሉ ጤና፣ በሙሉ ጥርስና በቀና ፊት ውላችሁ እንድታድሩ ከልቤ እመኛለሁ። ለእርስዎ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው ፊት መናገር ያቅተኛል፤ ትምህርቴንም ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ጥቁር ሰሌዳው ፊት መቆም ስለከበደኝ ነው። ይህችን ወረቀት በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለጥፍ የእርስዎን ጠቃሚ ማስታወቂያዎች በጥቂቱ ብትሸፍን ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የምኖረው የወይዘሮ ተሻለች ልጅ እናትነሽ ነኝ። የግራ መንጋጋዬ ቀኙን ጥሎት እያደገ ሄዶ አገጬን ወደ ቀኝ ገፍቶታል። ጥርሶቼ ስለማይገጥሙ የማኝከው በአንድ ጎን ብቻ ነው። አምና ከወዳጅ አገር የመጡት የጥርስና የመንጋጋ ሐኪሞች በጤና ጣቢያው ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጠውኝ፣ ፊቴ ላይ ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች ጥለው በሁለት ካሜራ አነሡኝ። መስመሮቹ በጉንጬና በአገጬ ላይ እየተጠማዘዙ በጂኦግራፊ መጽሐፍ የተራራን ከፍታ የሚያሳዩትን ክቦች መሰሉ። በእነሱ የፊቴን ጉብታና ጉድጓድ ለክተው ግራውን ከቀኙ ጋር አስተያዩት። አስተርጓሚያቸው ሲስተር አበዛሽ እንደነገሩን፣ ዘንድሮ በዚያው መሣሪያ እንደገና ተለክቼ የአጥንቱ እድገት መቆም አለመቆሙ ካልታወቀ በቀር ጥርሴን በሽቦ ማሰርም ሆነ አዲስ አበባ ወስዶ አጥንቱን በቀዶ ጥገና ማቃናት አይቻልም። ዘንድሮ የተባለው ቀን ደግሞ ያለፈው ሰኞ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. ሰኞ ማለዳ የቀበሌውን ዘበኛ ጋሽ ገመዳን ቤታችን ድረስ ልከው፣ የሐኪሞቹ መኪና ቆቃ ላይ ስለተበላሸ ከቤት እንዳልወጣ ስላስነገሩልኝ አመሰግናለሁ። እናቴማ ለመንገደኞቹ አዝና ጸለየችላቸው። መኪናው ግን በዚያች ሰዓት በጤና ጣቢያው ግቢ ከዛፉ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር።

፪ኛ. ከጋዜጣ የመጣው ፎቶ አንሺ ጠማማ ፊት አይቶ እንዳይደነግጥ ተጨንቀው የጎረቤታችንን ልጅ ዲንቄን በእኔ ወንበር ላይ ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። ዲንቄ ቆንጆ ናት፤ ይህን የሚክድ የለም። የእኔ ስም ሲጠራ አቤት እንድትል ያዘዟት እርስዎ እንደሆኑ ማታ እያለቀሰች የነገረችን ራሷ ናት። እናትነሽ ዓይን አፋር ስለሆነች ካሜራ ትፈራለች፣ ብትተኪያት ውለታ ነው፣ የከተማችንም ገጽታ ነው ብለዋት ኖሯል። በእሷ አልተቀየምኩም። እርስዎ ሲያዝዙ እምቢ የሚል ሰው በዚህ ቀበሌ አላየሁም። ሲስተር አበዛሽም እያወቁኝ፣ እዚያው ቆመው፣ ዝም ብለዋል።

፫ኛ. መሣሪያው የአምናውን የእኔን ፊት ከዘንድሮው የዲንቄ ፊት ጋር አስተያየ። መሣሪያ ምን ያውቃል? አገጩ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው አለ። የዘንድሮዎቹ ሐኪሞች አዲሶች ስለሆኑ መልኬን አያውቁትም፤ ሽቦም ቢላም ሳይነካው ራሱን ያቃና አጥንት አይተው ስለማያውቁ ተደንቀው አጨበጨቡ አሉ። እርስዎም ከበሩ በላይ ያሰቀሉትን «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚለውን መፈክር እያሳዩ መሐላቸው ቆመው ፎቶ ተነሡ። በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል እኔ ድናለች ተብዬ አዲስ አበባ ከሚላኩት ሕሙማን ተራ ወጣሁ።

ጓድ ኢተፋ፣ እኔ አልዳንኩም። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ስነክስ ጉንጬን ከውስጥ ቆርጬው ደም ዋጥኩ። አጥንቱ የሰኞውን ጭብጨባ አልሰማም፤ እያደገ ነው።

ብቻዬን ስሆን በመስተዋት ፊት የፊቴን ግማሽ በእጄ እሸፍነዋለሁ። ግራው አንዲት ሴት ነው፣ ቀኙ ሌላ ሴት። ሁለቱንም አልወዳቸውም፤ ግን ሁለቱም የእኔ ናቸው። ባፍርባቸው የማፍረው እኔ እንጂ ኮሚቴ አይደለም። ፊቴ እርስዎን ይህን ያህል እንደሚያሳፍርዎ ደግሞ እስከ ሰኞ ድረስ አላውቅም ነበር። ለትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ሐኪሞቹ ነገ እስከ ቀትር ሠርተው በደራ በኩል ወደ አሰላ ይሄዳሉ። ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል የሚሉኝ ከሆነ፣ አጥንቴ የእርስዎን ቀጠሮ የሚያከብር አይመስለኝም።

ስለ ጤናዬ ከእኔ በላይ አስበው ያለ እኔ ላዳኑኝ ለእርስዎ ያለኝን የማይለካ አክብሮት እየገለጽኩ፣

በስብሰባ የዳነችው፣ በቤቷ ግን የታመመችው
እናትነሽ አብተው

ግልባጭ፦
ማንበብ ለሚችል የቀበሌያችን ነዋሪ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ይህን ደብዳቤ አላየችውም፤ ብታየው እንዳልታሰርባት ትቀደው ነበር። ስለዚህ ሊያስይዙኝ ቢፈልጉ እሷን አያስቸግሩብኝ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ከዲንቄ ጋር ጤና ጣቢያው እሄዳለሁ፤ ጎን ለጎን ቆመን ለሐኪሞቹ የየራሳችንን ስም እንናገራለን፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሳይለኩኝ አልነሣም። ሰው ልከው የሚያስወጡኝ ከሆነ ግን፣ ከሁለታችን የትኛዋን እንደሚይዝ ሲነግሩት ይጠንቀቁ። አገጯ የተጣመመውን ያዝ ካሉት፣ አልዳነችም ብለው በራስዎ አፍ መመስከርዎ ነው።