ሥጋ በሌለበት እራት ላይ ስብሰባ ለጠሩት ለታላቅ አጎቴ

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለቤተሰባችን የበኩር ልጅና የዕድሜ ልክ የበዓል ገበታ ሰብሳቢ፣ በመንገዳችን ማዕዘን ላይ ላለው ሥጋ ቤት ባለቤት፣ በሰፈሩም «ጋሼ ሚዛን» ተብለው ለሚከበሩት፤

ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የታናሽ ወንድምዎ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ደህና ነኝ። ጤናዎ እንዲበዛ፣ ቢላዎ እንዳይዶለዱም፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ማቀዝቀዣዎ እንዳያስደነግጥዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በቤተሰባችን የስልክ ግሩፕ ላይ ለሁሉም እንዲነበብ ያወጣሁት ድፍረት በዝቶብኝ አይደለም፤ ስለ እኔ እራት የጠሩት ስብሰባ ዝግ ስለነበረ መልሱ ግልጽ ቢሆን ነገሩ ይመጣጠናል ብዬ ነው። ስለ ሚዛን ደግሞ ለእርስዎ ማስረዳት የእኔ ቦታ አይደለም።

እንደሚያውቁት አባቴ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ ሐኪሟ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ጨርሶ ከልክላዋለች። «ትንሽ ትንሽስ?» ብሎ ቢለማመጣት «ትንሹም ያው እሱ ነው» ብላ ዘጋችው። ከሆስፒታል እንደወጣ በመጣው በዓል እርስዎ ቤት ተገኝቶ ነበር፤ ከገበታው ጫፍ ላይ አንድ ሰሃን ቅቅል ድንች ቀረበለት፤ ዘመድ ሁሉ አጥንቱን እየጋጠ በየተራ «አይዞህ፣ ያልፋል» ይለው ጀመር፣ ሐዘን ላይ የተቀመጠ ይመስል። በየበዓሉ ቆመው ሥጋውን በገዛ እጅዎ እየቆረጡ ለእያንዳንዱ የሚያድሉት እርስዎ ነዎት፤ የመጀመሪያዋም ቁራጭ ምንጊዜም የአባቴ ነበረች። ያን ቀን ግን ከእሱ ሰሃን ዘንድ ሲደርሱ ዓይንዎን ወደ ግድግዳው መልሰው አለፉት። በሚቀጥለው በዓል «እዚያ ሄጄ የሰው ጥርስ ስቆጥር አላመሽም» ብሎ ቀረ። ከስፌት ክፍሌ ከጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል ተቀምጦ አዝራር በየቀለሙ ሲለይልኝ ዋለ።

ዘንድሮ የማስተናገዱ ተራ የእኛ ቤት ነው። ስለዚህ ሥጋም ቅቤም ወተትም እንቁላልም የማይገባበት እራት፣ በዘመኑ ቋንቋ ቪጋን የሚሉትን ዓይነት፣ አዘጋጅቼ አባቴ ወንድሙና እህቱ የበሉትን በልቶ፣ ከሰው እኩል ተቀምጦ፣ ከሰው እኩል ስቆ እንዲያመሽ አሰብኩ። ሴራዬ ይኸው ነው። ቢገለብጡት ቢያገላብጡት ከሥሩ ሌላ ነገር የለውም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ በሥጋ ቤትዎ ጓሮ ክፍል፣ በተሰቀሉት ጎድኖች መሃል በርጩማ አስደርድረው «የልጅቷን ነገር ምን እናድርግ?» በሚል አጀንዳ የቤተሰብ ስብሰባ ስለመሩ ውለታዎን አልረሳም። አባቴ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለ ስብሰባ አልተጠራም ነበርና፣ ምስር ከልብ ሕመም የከፋ አደጋ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ተምሬያለሁ። በስብሰባው ላይ የእርስዎ ልጅ፣ ያ ብረት አንሺው የአጎቴ ልጅ፣ «በበዓል ቀን ሥጋ ካልበላሁ ክንዴ ይቀንሳል» ብሎ ስጋቱን መግለጹን ሰምቻለሁ። የእጅጌውን ልክ የምወስደው እኔ ስለሆንኩ ክንዱ በአንድ ምሽት የሚሄድበት አገር እንደሌለ በሙያዬ አረጋግጥለታለሁ። እርስዎ ደግሞ ነገሩን ለማስታረቅ ብለው መረቅ ሥጋ አለመሆኑን፣ አጥንት ሥጋ አለመሆኑን፣ ሞራም ከቅመም እንደሚቆጠር ብያኔ ሰጥተዋል አሉ፤ ዶሮማ ከነጭራሹ አትክልት ናት ለማለት ምን ቀረዎት? አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው፣ አጎቴ።

ሁለተኛ፤ በውሳኔው መሠረት አክስቴን፣ ሁላችንም በፍቅር «ሬዲዮ» የምንላትን እህትዎን፣ ቀማሽ አድርገው ስለላኩልኝ እጅ እነሣለሁ። አክስቴ መጣች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተመቻችታ ተቀመጠችና በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ያበሰልኩትን እንጉዳይ አንድ ሰሃን በላች። «በደንብ አልለየሁትም» ብላ ሁለተኛ አስጨመረች። ሰሃኑን በዳቦ ጠረገች፤ ከድስቱ የተረፈውንም «ለነገ ቁርስ» ብላ በዕቃ አስቋጠረች። ከዚያ ወደ እርስዎ ተመልሳ ያቀረበችው ሪፖርት ግን «ልጅቷስ ደክማለች፣ ግን እንትን የለውም» የሚል ነው። እንትኑ ምን እንደሆነ ደውዬ ብጠይቃት «ያው እንትን ነዋ!» ብላ ተቆጣችኝ። ሆድ አይሞላም ተብሎ መወሰኑን አከብራለሁ፤ አክስቴ በማግስቱ የቀሚሷን ወገብ እንዳሰፋላት ይዛው መምጣቷን ግን ለሚዛናዊ ዘገባ ያህል ልጥቀስ።

ሦስተኛ፤ ይህቺኛዋ ትንሽ ትረዝማለችና ይታገሡኝ።

አባቴ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ በየሳምንቱ በሠራተኛዎ እጅ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከሱቅዎ ምርጥ የሆነው ሽንጥ ይላክልናል። ሥጋ ለተከለከለ ሰው ሥጋ መላክ ለመላጣ ሚዶ እንደመሸለም ቢሆንም፣ ስጦታ አይመለስምና እንቀበላለን። በጎረቤታችን ውሻ ስምም ከፍ ያለ ምስጋና አቀርባለሁ። ድሮ የጌታውን በር ይጠብቅ የነበረው ውሻ ዛሬ ከእኛ ደጃፍ አይነቃነቅም፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል። ጌታውም «ውሻዬን በሽንጥ ገዛችሁት» ብለው ካኮረፉን ሰነበቱ። እንስሳው ከመወፈሩ የተነሣ ደረጃ መውጣት ስላቃተው እሱንም የአባቴ ሐኪም ዘንድ ብንወስደው ምን ትለው ይሆን እያልን እንስቃለን።

ሳቃችን ግን ብዙ አይቆይም። አባቴ ጥቅሉን ለውሻው ከመስጠቱ በፊት ወረቀቱን ይፈታዋል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያየዋል። «አየሽ? ስቡን ሁሉ አንሥቶልኛል፤ ይሄ የሠራተኛ እጅ አይደለም፣ የራሱ እጅ ነው» ይለኛል። ከዚያ ሠራተኛውን «እሱስ ደህና ነው? ምነው ብቅ አይልም?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሠራተኛዎም ጨዋ ሰው ነውና ወለል ወለሉን እያየ «ሥራ በዝቶባቸው ነው» ይላል። በየሳምንቱ ያው ጥያቄ፣ በየሳምንቱ ያው መልስ ነው። ከሱቅዎ በር ቆመው ቀና ቢሉ የእኛ መስኮት ይታያል፤ አባቴም የሚውለው እዚያው መስኮት ሥር ነው፤ እርስዎ ከሱቁ በወጡ ቁጥር ሲቆም አየዋለሁ።

እንግዲህ ጨዋነቱ እንደተጠበቀ ሆኖ እውነቱን ልናገር፤ ተናድጃለሁ። የተናደድኩት በምስሩ መናቅ አይደለም፤ ምስር መናቁን ለምዶታል። አንጀቴ የሚያርረው ሰውዬው ሥጋውን ሳይሆን ቆራጩን ሲናፍቅ እያየሁ፣ እርስዎ ዘንድ ግን ክርክሩ ሁሉ ስለ መረቅ መሆኑ ነው።

አራተኛ፤ «በሬ ባልገባበት ቤት እኔም አልገባም» ብለዋል አሉ። የቃሉን ክብደት እረዳለሁ። እርስዎ ከቀሩ አክስቴ «ታላቄ የሌለበት ምን እሠራለሁ» ብላ ትቀራለች፤ ልጅዎም ክንዱን ይዞ ይቀራል፤ የቀረውም ዘመድ እናንተን ተከትሎ ይቀራል። አባቴ ደግሞ አዲስ ሸሚዝ አሰፍቶኛል። ኮሌታውን ሁለቴ አስፈትቶ ሁለቴ አስገጥሞኛል፤ እኔ እንኳ ለሠርገኛ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም። ያን ሸሚዝ ለብሶ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት እንዲቀመጥ የሚፈርዱ ከሆነ ፍርዱን ለእሱ የማሰማው እኔ ስለሆንኩ፣ በምን ቃል እንደምነግረው አብረው ጽፈው ቢልኩልኝ ሥራ ያቀሉልኛል።

ስለ ዝግጅቱም ለክቡርነትዎ አጭር ማብራሪያ ልስጥ። ገበታው ልብስ የምቀድበት ትልቁ ጠረጴዛዬ ነው፤ የስፌት መኪናዎቹ ወደ ግድግዳው ተጠግተዋል፤ መርፌና ስፒል ከወለሉ ላይ በማግኔት ለቅሜያለሁ፤ ስለዚህ ጥርሳችሁን የሚወጋ ነገር የለም፤ እግራችሁንም እንደማይወጋችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ምስር አለ፤ ባቄላ አለ፤ በኦቾሎኒ የተሠራ ጎመን አለ። ከመሃል ደግሞ ሩዝና እንጉዳይ የተሞላ፣ እንዳለ በምድጃ የበሰለ ትልቅ ዱባ ይቀመጣል። ይህን ዱባ እኩል ቆርጦ ማንንም ሳያስቀይም የሚያድል ሰው ያስፈልገኛል። አክስቴን ብሰጣት ለራሷ ታደላለች፤ እኔ ብሞክር መቀስ አነሣለሁ። በቤተሰቡ ውስጥ ሌላ ባለሙያ ካለ ቢጠቁሙኝ።

የደህንነት ሕጉም እንደሚከተለው ነው፤ ማንም እንግዳ በቦርሳም ሆነ በኪስ የተቀቀለ፣ የተጠበሰም ሆነ የደረቀ ነገር ይዞ አይገባም። አክስቴ የእጅ ቦርሳዋን በር ላይ ታስረክባለች። ልጅዎን በተመለከተ፣ የኮቱን የውስጥ ኪስ የሰፋሁት እኔ ነኝና ፍተሻው የት እንደሚጀመር አውቃለሁ። ከበላችሁ በኋላ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የፈለጋችሁትን ብትጠብሱ ከልካይ የላችሁም፤ አንድ ምሽት ያለ ሥጋ የሞተ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ ከሥጋው ይልቅ ኩርፊያው የገደለው ግን ይበዛል።

ይህንን ሁሉ ስጽፍ ለታላቅነትዎ ያለኝ አክብሮት ቅንጣት አልጎደለም። ሚዛንዎ በሰፈሩ የታመነ፣ እጅዎም ለመስጠት የማይሰስት መሆኑን ስለማውቅ፣ በበዓሉ ምሽት ደጃፋችን ላይ የእርስዎን የጫማ ድምፅ ለመስማት ጓጉቼ፣ ቢቀሩም «በሬ አጥተው ነው» ብዬ ለዘመድ ሁሉ ምክንያትዎን በትህትና ለማስረዳት ተዘጋጅቼ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከአንድ ትልቅ ዱባና እስካሁን ካልቀዘቀዘ ንዴት ጋር፣
የታናሽ ወንድምዎ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፤ ከዚህ በታች ያለው ግሩፑ ላይ አልወጣም። ተጣጥፎ፣ በሠራተኛዎ እጅ፣ ለእርስዎ ብቻ የተላከ ነው።

አክስቴ ምስጢር መያዝ ስለማይሆንላት፣ ከስብሰባው በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ «ያሳመምኩት እኔ ነኝ፤ ዕድሜ ልኩን ስብ ያበላሁት እኔ ነኝ፤ በምን ዓይኔ ነው የማየው?» ማለትዎን ነግራኛለች። እኔም አባቴን ሥጋው ነው ወይ ያሳመመህ ብዬ በቀጥታ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «ልጆች ሆነን እሱ ከሥጋ ቤት ተቀጥሮ እየሠራ ባያበላኝ ኖሮ ለመታመምም አልደርስም ነበር» አለኝ። እንግዲህ ከሳሹ እርስዎ፣ ተከሳሹ እርስዎ፣ ዳኛውም እርስዎ ሆነው የፈረዱት ፍርድ ነው፤ እስሩን የሚታሰርልዎት ግን አባቴ ሆኗል። ሐኪሟ የከለከለችው ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ነው። ወንድሙንም ይተው ብሎ ያዘዘ ሌላ ሐኪም ካለ ስሙን ይላኩልኝ፤ ሄጄ የምነግረው አለኝ።