ስለ ተቆለፈው ማደንዘዣና ስለ ነቃው ጭኔ

ለገበሬ ማኅበራችን የንቃት ኮሚቴ ኃላፊ ለክቡር ጓድ ደምለው፤
ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤

ዛሬ ማለዳ አንዲት ዝንብ በቀኝ እግሬ አውራ ጣት ላይ ማረፏን፣ እኔም ማረፏን በሚገባ የተሰማኝ መሆኑን ለመላው የቆላ ሕዝብ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሁለቱም እግሮችዎ ደህና ናቸው? እኔ አምባው፣ የስምንት ልጆች አያት፣ ወፍ ስጠብቅ ከማሽላው ማማ ወድቄ ቀኝ ጭኔ ከተሰበረ እነሆ ስድስተኛ ቀኔ ነው። በጤና ጣቢያው የገመድ አልጋ፣ በአንገረቡ ላይ ተዘርግቼ፣ በወጥመድ እንደ ተያዘች ቆቅ ከገመዱ ሳልንቀሳቀስ ይህን ጻፍሁልዎ። ዳዊት ደግሜ ያደግሁትን ሽማግሌ በመሠረተ ትምህርት እንደገና ሀ ሁ ስላስቆጠሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ የምስክር ወረቀቱን ሥራ ላይ ሳውለው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በወደቅሁ ዕለት የጤና ረዳቱ ሸጋው ብሽሽቴን በጣቱ ዳብሶ፣ የጭኑን ሕመም ወደ ላይ የሚያደርሰውን ነርቭ ፈልጎ፣ አጠገቡ አንድ መርፌ ወጋኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያ እግር የእኔ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት ሆነ፤ እያየሁት አዘንሁለት እንጂ አላመመኝም። አእምሮዬ ግን ቁልጭ ያለ ነበር። ባለቤቴ አሰፋች ያመጣችው ወጥ ጨው እንዳነሰው ተናግሬ የተቆጣችኝ በዚያው ሰዓት ስለሆነ እርሷ ምስክሬ ናት።

ሁለተኛ፤ በማግስቱ እርስዎ ጤና ጣቢያውን ሲጎበኙ፣ ሸጋው ሰው እንዲገባው ብሎ በጠርሙሶቹ ላይ በፕላስተር የጻፈውን «ማደንዘዣ» የሚል ቃል አነበቡ። በፈረንጅኛ ጽፎት ቢሆን ኖሮ አክብረው ባለፉት ነበር። «ሰፊው ሕዝብ የሚነቃበት እንጂ የሚደነዝዝበት ዘመን አይደለም» ብለው በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። ሸጋው «ጓድ፣ የሚደነዝዘው እኮ ጭናቸው ብቻ ነው» ቢልዎ፣ «ከጭን ይጀምራል» አሉት። እድሜ ለእርስዎ፣ ከዚያ ወዲህ ጭኔ ነቅቷል። ሌት ተቀን ስብሰባ ላይ ነው፤ አጀንዳውም አንድ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ አጥንቱ የሚጠገነው ጎንደር ነው። ሰሊጥ የጫነው መኪና ሐሙስ ይወጣል፤ ሾፌሩ ማሩም ከጆንያው በላይ ቦታ አበጅቶልኛል። አራት ሰዎች ሁለት ጊዜ ሊያነሡኝ ሞክረው ሁለቴም ራሴን ስለሳትሁ መልሰው አስተኙኝ። «ያለ መርፌው መንገዱን አይችሉትም» ይለኛል ሸጋው። ስለዚህ መኪናው አለ፣ መንገዱ አለ፣ እኔም ለጊዜው አለሁ፤ ቁልፉ ግን በእርስዎ ወገብ ላይ ነው።

እንዳይቸገሩ መፍትሔም አስቤልዎታለሁ። ፕላስተሩ ተልጦ «የአድኃሪ ሕመም መደምሰሻ» ተብሎ ይጻፍበት። እኔም በበኩሌ መርፌው ሲገባ ግራ እጄን አንሥቼ መፈክር ለማሰማት ቃል እገባለሁ።

ተነሥቼ እጅ መንሣት ባለመቻሌ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ በጀርባዬ እንደተኛሁ አንገቴን ብቻ ዝቅ ያደረግሁልዎ፣

እጅግ የነቃው አገልጋይዎ
አምባው ፈረደ
ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ከላይ የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነው፣ ከዝንቧ በቀር። እርሷን እኔ ነኝ የፈጠርኋት። ብታርፍም አላውቅላትም፤ ከትናንት ጀምሮ የቀኝ እግሬ ጣቶች ያለ መርፌ፣ ያለ እርስዎም ፈቃድ፣ በገዛ ራሳቸው ደንዝዘዋል፤ መልካቸውም ጠቁሯል። ሸጋው አይቷቸው ከወጣ ወዲህ በቀልዴ አይስቅም።