ፈታሽ ልሁን ብል

ሰኞ

አልወሰዱኝም። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ አዲሱ ሕንፃ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ነበር የሄድኩት። ሰውዬው ማስረጃዬን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። "ለመዘርጋትማ ሰው ሞልቶናል። ያጣነው የተዘረጋውን የሚፈትሽ ነው። የፍተሻ ብቃት ማረጋገጫ አለሽ?" የለኝም። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ለምን እንዳመሰገንኩት አሁንም አልገባኝም። እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብቻዬን እያጉረመረምኩ በእግሬ ወረድኩ።

ማክሰኞ

የሙያ ማሠልጠኛ ሄድኩ። የቅዳሜ ሥልጠና ያለው ሶላር፣ ዲዛይን፣ ፍተሻና ሙከራ ነው። ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ አንዱን ብቻ ነው መያዝ የሚቻለው። ምዝገባው የፊታችን ሰኞ ያበቃል። ሶላር ሰው እየጎረፈበት ነው፤ ሲጨርሱ ሁሉም ሥራ ፍለጋ አንድ በር ላይ ሊሰለፉ። መዝጋቢዋ "ለሴት ዲዛይን ነው የሚሻለው፣ ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብለሽ" አለችኝ። መሰላል ላይ ያሳለፍኩትን ዕድሜ ምን ብዬ ልንገራት? ደሜ ፈላ።

ረቡዕ

ፍተሻ ልማር ነው ብዬ ሥራ ቦታ ለጋሽ ዘውዴ ነገርኳቸው። ሙያውን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬም አብሬያቸው ነው የምሠራው። "ፈታሽ? እኔ የሠራሁትን ነገ መጥተሽ አያልፍም ልትዪኝ?" አሉ። የሠራ ሰው የራሱን አይፈትሽም ስላቸው ባሰባቸው። "መብራቱ ከበራ በራ ነው! ስንት ቤት አብርቻለሁ፣ ማን ከሶኝ ያውቃል?" ከዚያ ወደ ግንበኞቹ ዞረው "ፒንሳ አያያዝ ያሳየኋት ልጅ ልትፈትሸኝ ነው" ብለው አሳቁብኝ። መሣሪያዬን ሰብስቤ ሄድኩ።

ሐሙስ

አልደወሉም። እኔም አልደወልኩም። ያናድዱኛል። ደግሞ ይናፍቁኛል፣ እሱ የበለጠ ያናድደኛል። ሶላር ብወስድ ሰላም ይወርድ ነበር። አልወስድም። ልውሰድ እንዴ? አልወስድም።

ቅዳሜ

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ቀን ታዘቡ ተብለን የፍተሻው ክፍል ገባሁ። አሠልጣኙ መለኪያዎቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ "መጀመሪያ በዓይን ነው" አለ። ዋናውን ማጥፊያ አጥፍታችሁ ሽቦውን ተከተሉት፣ የት እንደሚያልቅ ሳታዩ ደህና ነው አትበሉ። ወደድኩት።

ከሰዓት የጋሽ ዘውዴ ባለቤት እትዬ በላይነሽ ደወሉ። "ሰኒዬ፣ የሻወሩን ቧንቧ ስነካ ይነዝረኛል። ለሰውዬው ስነግረው ድሮም ፈሪ ነሽ ይለኛል። የልጅ ልጆቼም እዚያው ነው የሚታጠቡት።" የውሃ ማሞቂያውን ያጥፉት፣ ማንም እንዳይነካው አልኳቸው።

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ አፍንጮ በር ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ዘውዴ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰላምታዬን በአገጫቸው መለሱ። ዋናውን አጥፍቼ የኧርዙን ሽቦ ተከተልኩ። እትዬ በላይነሽ "እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?" አሉኝ። አፈትልኮ የወጣውን ኤሌክትሪክ ሰው ሳይነዝር ወደ መሬት ያወርዳል አልኳቸው።

ሽቦው መታጠቢያ ቤት ገብቶ የውሃ ቧንቧው ላይ ታስሯል። በዚህ ሰፈር አሮጌ ቤቶች እንዲሁ ነበር የሚሠራው፤ የብረቱ ቧንቧ ራሱ መሬት ውስጥ ይገባላ። ቧንቧውን ተከትዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከግድግዳው ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ብረቱ አልቆ ፕላስቲክ ይጀምራል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ከማሞቂያው የሚያፈተልከው መሄጃ የለውም፣ ቧንቧው ላይ ሰው ይጠብቃል።

"ፕላስቲኩን ማን ቀየረው?"

"እኔ። አምና። ብረቱ ዝጎ ነበር።"

"ሽቦውንስ ያሰረው?"

"እኔ" አሉ፣ ድምፃቸው ወረደ።

ልጮህባቸው ነበር። ሚስታቸውን ፈሪ ሲሉ ከረሙ እኮ። ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት። ወደ ጎረቤቶቹ ቤት እያዩ "እዚህ ሰፈር እንዲህ ያሰርኩበት ቤት ብዙ ነው። ስንቱ ፕላስቲክ እንዳስገባ ማን ያውቃል" አሉ። "ተመዝገቢ። ሁሉንም ትፈትሺያቸዋለሽ። ለባለቤቶቹ ግን አንቺ ንገሪልኝ፣ እኔ አፌ አይከፈትልኝም።"

ያኔ ነው የተቆጣሁት። "እኔ እፈትሻለሁ። የሚነግሯቸው እርስዎ ነዎት" አልኳቸው። በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። መሬት መሬት እያዩ "እሺ" አሉ።

ነገ ጠዋት ፍተሻና ሙከራ እመዘገባለሁ። ከሰዓት ጋሽ ዘውዴ የጎረቤታቸውን በር ያንኳኳሉ፣ እኔ ከኋላቸው እቆማለሁ። ምን እንደሚባሉ አላውቅም። ንዴቴም ገና አልበረደልኝም።