«እባክሽ» የሌለበት መልእክት

ለተከበሩ አቶ ሞሴሴ ሃቬያ
የደሴቶች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ኑኩአሎፋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። ባለፈው ዓመት ጉባኤ ላይ ወገብዎን እንደሚያምዎት ከመድረክ ስለነገሩን፣ እኛ የቫቫኡ ደሴት ሴቶች በየጸሎታችን ስናነሳዎት ከርመናል። ቢሻላቸው ኖሮ አንድ ቀን ጎንበስ ብለው የታችኛውን ሰው ያዩ ነበር እያሉ የሚያሙዎት አሉ፤ እኔ ግን ከእነሱ ወገን አይደለሁም።

ካላላይኔ ቬአ እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በኔያፉ የቫኒላ አምራቾች ማኅበር ውስጥ ቫኒላ እያደረቅሁ የምኖር፣ ትምህርት ቤት ብዙም ያልቆየሁ፣ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ ግን የማነብ ሴት ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ንግዳችንን ከኮምፒውተር ቫይረስ እንድንጠብቅ ብሎ ያሳተመውንም መጽሐፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ክቡርነትዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ በፖስታ የላክንልዎት ሁሉ መልስ ስላላገኘ ምናልባት ፖስታ ያስነጥስዎት ይሆናል ብዬ ነው።

የምጽፈው ስለ አንዲት ሴት ልጅ ነው፤ ስለ ማኅበራችን ጸሐፊ ስለ ሎሴሊ። «በቸልተኝነት የተበከለ መልእክት ከፍታ ማኅበሩን ለጉዳት ዳርጋለች» በሚል ምክንያት በመጪው ሐሙስ ከሥራ እንድትሰናበት ጽሕፈት ቤትዎ አዝዟል።

የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተራችን ላይ በእርስዎ ስም መልእክት መጣ፤ ሎሴሊም አብሮት የተላከውን ፋይል ከፈተች፤ ውስጡ ባዶ ነበርና ፋይሉን ብቻ ዘግታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰኞ ቢሮውን ስንከፍት የገበሬዎቹ ስም፣ የየከረጢቱ ሚዛንና የገዢዎቻችን ውል በሙሉ ተቆልፎ፣ ቁልፉን ከፈለጋችሁ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ብቻ ጠበቀን። አልከፈልንም፤ መጽሐፍዎ አትክፈሉ ይላል፤ ኪሳችንም ከመጽሐፍዎ ጋር ተስማማ።

ለዳይሬክተር ቅሬታ ማቅረብ ድፍረት ስለሚሆንብኝ፣ ያለኝን ሁሉ በምስጋና መልክ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መጽሐፉ አመሰግናለሁ። የሐሰተኛ መልእክት ምልክቶችን ሲዘረዝር ሰላምታ የሌለው፣ የሚያጣድፍ፣ የሚያስፈራራና ምክንያቱን የማይናገር ነው ይላል። ክቡር ሆይ፣ ስለ ሌቦች መሆኑን እስክረዳ ድረስ ከጽሕፈት ቤትዎ ስለሚመጡልን ደብዳቤዎች የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ያ የዓርቡ መልእክት የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ «የተያያዘውን ዛሬውኑ ክፈቺ። ብታዘገዪ ትጠየቂበታለሽ።» ሎሴሊን «እንዴት አልጠረጠርሽም?» ብላት፣ «እማማ፣ እሳቸው እኮ እንደዚህ ነው የሚጽፉት! ‹እባክሽ› የሚል ቢኖርበት ያን ጊዜ እጠረጥር ነበር» አለችኝ። ሌቦቹ እርስዎን በምን ያህል ትጋት እንዳጠኑዎት ሳስብ፣ ከእኛ ይልቅ እነሱ ደብዳቤዎችዎን በጥሞና እንደሚያነቡልዎት ይገባኛል።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ «ከተጠራጠሩ ደውለው ላኪውን ይጠይቁ» ስለሚል አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት በእኛ አገር ትልቅን ሰው «እውነት እርስዎ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ለአክብሮት የምንታጠቀውን የወገብ ሰሌን ሳይታጠቁ ፊቱ እንደመቆም ነው። ያም ሆኖ ሎሴሊ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ደፍራ ደውላለች። የቢሮዎ ሰው «አንቺ ደግሞ ማን ነሽና ነው ዳይሬክተሩ የጻፉትን የምታጣሪው? ማንበብ አትችዪም?» ካላት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተከተላት። ያን ጊዜ መልእክቱ በእርግጥ የእርስዎ ነበር። በሁለተኛው አልደወለችም። አንዴ ተምራለች፤ አስተማሪዋም ጽሕፈት ቤትዎ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ተቆጣጣሪዎ ስለ አቶ ኢኖኬ አመሰግናለሁ። ሎሴሊ በየሳምንቱ የመዝገቡን ቅጂ በአንዲት ትንሽ ዲስክ ላይ ገልብጣ፣ ከኮምፒውተሩ ነቅላ ትሰጠኝ ነበር፤ እኔም ቤቴ ወስጄ በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖራታለሁ። መጽሐፍዎም ቅጂው ከማሽኑ ተለይቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ ነው የሚለው። አቶ ኢኖኬ ለቁጥጥር ሲመጡ ከቤቴ ያመጣሁላቸውን ቆርቆሮ አይተው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«የማኅበር ንብረት ከብስኩት ጋር! አይጥ ብትበላውስ?»

«ብስኩቱን ጨርሰነዋል ጌታዬ» አለቻቸው ሎሴሊ።

«ቀልድ አልጠየቅሁሽም። ይህ ነገር እኔ በመጣሁ ጊዜ ሁሉ ከማሽኑ ጋር ተሰክቶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ላገኘው ይገባል!»

ተሰካ፤ ቁጥርም ተለጠፈበት። ሌቦቹ ማሽኑን ሲቆልፉ፣ ቅጂው ከነቁጥሩ አብሮ ተቆለፈ። ቆርቆሮውን አምጥቼ ያስረከብኳቸው እኔ ነኝ፤ መጽሐፉን አንብቤ ሳለሁ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ዝም ብዬ ሰው ሳስጎዳ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ የፊተኛውን ግን ለጋዜጣ አልጽፈውም።

አራተኛ፣ «ቀንም ሌሊትም እንሰማለን» ስለሚለው የአደጋ ጊዜ ስልክዎ። እሑድ ጠዋት ዘበኛችን ሴሚሲ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ በመስኮት በኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ጽሑፍ አይቶ ነገረን፤ ደወልን፤ ጠራ፤ ጠራ። ሰንበት ነውና በዚህ አልወቅስዎትም። እኛስ ብንሆን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመን ገና ያልተቆለፈው እንዲተርፍ ሶኬት መንቀል ሥራ ነው ወይስ አይደለም እያልን ስንከራከር አልነበር? ሽማግሌው ቫካ «በሬህ በሰንበት ጉድጓድ ቢወድቅ ታወጣው የለም ወይ?» ቢሉ፣ ሴሚሲ «ይህ በሬ አይደለማ!» ብሎ የቢሮውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ስብከቱ ደግሞ ረጅም ነበር። ሌቦቹ ሰንበት እንደሌላቸው በመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ ቢጨመር መልካም ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ስለደረሰልን እርዳታ ማመስገን ይገባኝ ነበር፤ ግን የማመሰግንበትን አጣሁ። አባቶቻችን ሌባ ይፈሩ ስለነበር፣ እያንዳንዱን የቫኒላ ፍሬ ገና ከተክሉ ሳይለቀም በመርፌ ወግቶ የባለቤቱን ምልክት ማኖር አስተምረውናል፤ ምልክቱ ፍሬው ቢደርቅም አይጠፋም። ሎሴሊ ከእኛ ጋር ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ከረጢቱን ሁሉ ዘርግፋ፣ ፍሬ በፍሬ እየለየች መዝገቡን እንደገና ጻፈችው። ጣቶቿ ጠቁረው፣ ዓይኗ አብጦ ሳለ ነው የስንብት ትእዛዝዎ የደረሳት።

አቶ ኢኖኬ ትእዛዙን በአባላቱ ፊት ባነበቡ ጊዜ ቫካ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና፣ «ከእናንተ መካከል ዳይሬክተሩ ዘንድ ደውሎ ‹ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት ወይ?› ብሎ የሚጠይቅ እጁን ያውጣ» አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። ያን ጊዜ ወደ ተቆጣጣሪዎ ዞረው «አንተስ፣ ጌታው?» አሉ። አቶ ኢኖኬ ወረቀቱን አጠፉት፤ ዘረጉት፤ መልሰው አጠፉት። በመጨረሻም «እኔ እንኳ ቤተሰብ አለኝ» አሉ። ማንም አልሳቀባቸውም።

ክቡር ሆይ፣ ሎሴሊም ቤተሰብ አላት።

ስለዚህ ትእዛዝዎን ከሐሙስ በፊት እንዲያነሡ እለምናለሁ። ዲስኳም ወደ ቆርቆሮዋ እንድትመለስ ቢፈቅዱ፣ ካስፈለገ ቁጥሩን ቆርቆሮው ላይ እንለጥፋለን። የሚደውልልዎትም ሰው ሳይሰደብ መልስ የሚያገኝበት ስልክ ቢኖር፣ ከመጽሐፉ በላይ ይጠብቀናል። ደከመኝ እንጂ ሌላም ብዙ እጽፍ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በቋንቋችን «እባክህ» ማለትም «ይቅርታ» ማለትም አንድ ቃል ነው፤ ፋካሞሌሞሌ። ጊዜ ለሌለው ትልቅ ሰው ታስቦ የተሠራ ይመስለኛል፤ አንዴ ተናግሮ ከሁለቱም ይገላገላል። ይህችን ቃል ለሎሴሊ ይጻፉላት። በየትኛው ትርጉሟ እንደጻፏት አንጠይቅዎትም።

ካልጻፉላትም ሐሙስ ስሟ ሲጠራ አጠገቧ እቆማለሁ፤ ቆርቆሮውን ማን እንዳስረከበና ማን እንዳዘዘ በአባላቱ ፊት እናገራለሁ። በዚህኛው ዝም አልልም።

ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለስልክዎ አንሺ ሰውን እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች ካለው ቦታ፣ ለምደነዋልና፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ካላላይኔ ቬአ
ኔያፉ፣ ቫቫኡ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ደብዳቤው በእርግጥ የእኔ መሆኑን ከተጠራጠሩ፣ መጽሐፍዎ እንደሚመክረው ይደውሉና «እውነት አንቺ ነሽ?» ብለው ይጠይቁኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አልጽፍብዎትም።