ከባለቤታቸው ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት በአደባባይ የተከራከሩት የእትዬ ተመጣጣኝ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ተመጣጣኝ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በመጋቢት ወር 1948 ዓ.ም. ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል ግን በዚያ ስም ጠርቷቸው የሚያውቅ ሰው ቢገኝ የባንክ ሠራተኛ ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድታዘጋጅ የታዘዘችው የእህታቸው ልጅ ቀልድ እንዳታበዛ ተመክራለች። ምክሩን በደስታ ተቀብላለች፤ ስለ እትዬ እየጻፉ ሳይስቁ እንዴት እንደሚጨረስ ግን የነገራት ሰው የለም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ወደሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው አንደኛ እየወጡ ተማሩ። በቤት ውስጥ ዳቦ የሚያካፍሉት እሳቸው ነበሩ። ማን ስንት ጊዜ ተላከ፣ ማን ስንት ባልዲ ውሃ ቀዳ የሚለውን አስበው በዚያው ልክ ይቆርሱ ስለነበር፣ ታላቅ ወንድማቸው እስከ ዛሬ በአንድ ጉርሻ እንደተበደሉ ያነሣሉ። በ1969 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ በሒሳብ ተመርቀው ሥራ ጀመሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም በአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማሩ።

የሕይወታቸው ትልቁ ጉዳይ የጀመረው በ1978 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት ነው። በሰፈራቸው ከአሥር መራጭ የአራቱን ድምፅ ያገኘ ሰው አሸንፎ ምክር ቤት ገባ። የስድስቱስ ድምፅ የት ገባ? እትዬ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ተማሪዎቻቸውን እንዲያሰሉ አዘዙ። ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠርተው ፖለቲካ ማስተማር ክልክል መሆኑን ሲነግሯቸው፣ “እኔ የማስተምረው መቶኛ ነው፤ ፖለቲካ ካለበት ቁጥሩን ይጠይቁት” ብለው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር የሚያገኙበት ሕግ ይውጣ፣ ተመጣጣኝ ውክልና ይኑር ማለት ሥራቸው ሆነ። ስማቸውም በዚያው ቀረ።

በሚያዝያ 1979 ዓ.ም. የከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያው ሕዝባዊ ክርክር ተካሄደ። የተቃዋሚው ወገን ተናጋሪ በመሬት ቀያሽነት የሚታወቁ ጎልማሳ ነበሩ። የቀያሹ አቋም አጭርና ጥርት ያለ ነበር፦ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ አንድ ተወካይ ሊኖረው ይገባል፤ ቦዩ ሲደፈን ሰው ሄዶ የሚያንኳኳው አንድ የታወቀ በር ያስፈልገዋል። እትዬ በበኩላቸው አሥር ወንበሮች መድረኩ ላይ አስደርድረው፣ በአዳራሹ ለነበሩት መቶ ሰዎች ባለ አራት ቀለም ወረቀት አቅርበው አስመረጡ። አርባ አራቱ ሰማያዊ፣ ሠላሳ ሁለቱ ቀይ፣ አሥራ አምስቱ ቢጫ፣ ዘጠኙ አረንጓዴ መረጡ። በነበረው ሕግ ቢሆን ሰማያዊዎቹ ከግማሽ ባነሰ ድምፅ ወንበሩን ሁሉ ሊጠቀልሉት ይችሉ ነበር።

እትዬ ለየአሥሩ ድምፅ አንድ ወንበር እያሉ ስምንቱን አደሉ። ለቀሩት ሁለት ወንበሮች ትርፉን ማስላት ሲገባቸው፣ አዳራሹ እያጨበጨበላቸው ስለነበር ሞቅ አላቸውና አንዱን ለቢጫ፣ አንዱን ለሰማያዊ ሰጥተው እጃቸውን አራገፉ። ዘጠኙ አረንጓዴዎች ቆመው ቀሩ። ለጥቂቶች ድምፅ ልሟገት ብለው መድረክ የወጡት የሒሳብ መምህርት ጥቂቶቹን ረስተዋቸው ዐረፉት።

ማንም ልብ አላለም ነበር። ቀያሹ ዝም ቢሉ ክርክሩ በኪሳቸው ነበር፤ ደግሞም ይህ አዲስ ሕግ ጥቂቶችን ሜዳ ላይ ይጥላል ብለው መሟገት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ብድግ አሉና፣ “መምህርት ሆይ፣ ከሰማያዊዎቹ የተረፈው አራት ድምፅ ነው፤ አረንጓዴዎቹ ዘጠኝ አላቸው። የመጨረሻው ወንበር የእነሱ ነው” አሉ። እትዬ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው አዛወሩ። የዚያን ዕለት ለእናታቸው፣ “በገዛ ጉዳዩ ላይ ፈርዶ ሒሳቤን ያረመልኝን ሰውዬ ካላገባሁ ማንን ላገባ ነው?” ማለታቸውን እናታቸው በሕይወት እስከነበሩ ድረስ ለሰው ሁሉ ሲያወሩት ኖረዋል። በጥር 1980 ዓ.ም. ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። ሴቷ ነርስ፣ ወንዱ የአውቶቡስ መካኒክ ናቸው።

ጋብቻው ክርክሩን ያበርደዋል ያለ ሁሉ ተሳስቷል። ትምህርት ቤቶች፣ ፋብሪካዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ሁለቱን አንድ ላይ መጋበዝ ለመዱ። በአንዲት አሮጌ መኪና አብረው ይሄዳሉ፤ ቀያሹ ይነዳሉ፣ እትዬ ደግሞ ባላቸው ሊቃወሟቸው የጻፉትን ንግግር መንገድ ላይ እያነበቡ ያርማሉ። “ይሄ ነጥብህ ደካማ ነው፤ እንዲህ ብትለው ይሻልሃል” ይሏቸዋል። አንድ ጊዜ እትዬ ያሻሻሉት ነጥብ እትዬን መልስ አሳጥቷቸው አዳራሹ ለቀያሹ ቆሞ አጨበጨበ። በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ቁርስ ላይ መልሱን አገኙት፤ ቀያሹ አፋቸው ውስጥ የያዙትን እስኪውጡ እንኳ አልታገሧቸውም።

ቤት ውስጥ ደግሞ የማታው የሬዲዮ ጊዜ፣ ስልሳ ደቂቃው፣ በአራቱ የቤቱ ሰዎች ድምፅ ልክ ተከፋፍሎ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ቀያሹ ብቻቸውን የሚመርጡት የኳስ ዝግጅት የደረሰው ሩብ ሰዓት ነው፤ ልጆቹና እናታቸው ሙዚቃ ላይ ስለሚተባበሩ ወይ ፍንክች። “አየሽ፣ ያንቺ ሕግ ጨዋታውን ጎል ሳይገባ ያዘጋብኛል” እያሉ ሲነጫነጩ፣ እትዬ፣ “በአንተ ሕግ ቢሆንማ ሩብ ሰዓቷንም አታገኛትም ነበር” ይሏቸው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ጉዳዩ ሁልጊዜ ሳቅ አልነበረም። እትዬ በዘጠኝ ምርጫዎች ድምፅ ሰጥተዋል። በዘጠኙም የመረጡት ሰው ተሸንፏል። ቀያሹ የሚመርጡት ሁልጊዜ ያልፋል፤ ቦያችን ሲደፈንም ተመራጩ ቡትስ ጫማ አድርጎ በእርግጥ መጥቷል፤ ይህንንም እትዬ ሳይክዱ በየአዳራሹ ራሳቸው ይናገሩላቸው ነበር። ነገር ግን ከዘጠነኛው ምርጫ በኋላ ለልጃቸው፣ “አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የእኔ ድምፅ የሆነ ቦታ ደርሶ ባይ ደስ ይለኛል” ብለዋታል። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

በመጨረሻም ምክር ቤቱ አዲሱ የምርጫ ሕግ በሕዝበ ውሳኔ እንዲወሰን ተስማማ፤ ቀኑም ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆነ። እትዬ ዜናውን ሲሰሙ ጎረቤት እስኪደነግጥ ዘለሉ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ልባቸው ታመመና ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙን የጠየቁት እድናለሁ ወይ ብለው አልነበረም፤ “ለሰኔ እደርሳለሁ?” ነበር ያሉት። ሐኪሙ ወዲህም ወዲያም የማይል መልስ ሲሰጣቸው፣ “ይሄ ልጅ ለምርጫ ሊወዳደር ነው እንዴ?” ብለው ነርሷን ልጃቸውን አሳቋት። ቀያሹ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየሄዱ አልጋው አጠገብ ይከራከሯቸው ነበር። አስታማሚዎች ድምፅ ቀንሱ ያሏቸው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ የጮኹት በሽተኛዋ ናቸው።

እትዬ ተመጣጣኝ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው ከብቧቸው ዐረፉ። ለሕዝበ ውሳኔው ሃያ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ይህ ያንገበግበናል፤ ሌላ አባባል የለንም። ባለቤታቸውን ቀያሹን፣ ሁለት ልጆችን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና መቶኛ ያስተማሯቸውን ቁጥራቸው የማይታወቅ ተማሪዎች ትተው ሄደዋል።

ቀያሹ የሚከተለው በዚህ ጽሑፍ እንዲሰፍርላቸው ጠይቀዋል። ሐሳባቸውን አልቀየሩም፤ አሁንም ሰፈር ሁሉ አንድ በር ያስፈልገዋል ባይ ናቸው። ይሁን እንጂ ሰኔ 15 ቀን ሰልፍ ይዘው፣ ተመጣጣኝ ውክልና የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ያለቻቸው አንዲት ድምፅ ናት፤ እሷን ለሚስታቸው ሰጥተዋል። ልጆቻቸው ድምፅ ምስጢር መሆኑን፣ ይህን ለሕዝብ ማሳወቅም እንደማይጠበቅባቸው ቢያስረዷቸው፣ “ሠላሳ ስምንት ዓመት በአደባባይ ተከራክሬያት፣ በድብቅ አልሸነፍላትም” ብለዋል።

ፈጣሪ የእትዬን ነፍስ በደስታ ይቀበልልን፤ በሄዱበትም በቅንነት የሚከራከራቸው ሰው አያሳጣቸው።